ዕቃን በስሙ ማወቅ

አባቶቻችን «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» ብለው የተናገሩት ለዳኝነትና ለሸንጎ ብቻ አይደለም። ሰው በገንዘቡ የሚገዛው ዕቃም ሥር አለው፤ የተሠራበት ዘመን፣ የሠራው እጅ፣ የነበረበት ቤት አለው። በሬ የሚገዛ ገበሬ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ሳያይ፣ ከማን በረት እንደ ወጣም ሳይጠይቅ ገንዘቡን አይከፍልም። ያው ገበሬ ወደ ከተማ ወርዶ ያገለገለ ሞተር ሲገዛ ግን ቀለሙን አይቶ፣ የሻጩንም ቃል ሰምቶ ከፍሎ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ተመልክቻለሁ። ይህም የሚሆነው «ብረት ጥርስ የለውም፤ ዕድሜውም አይታወቅም» ብሎ ስለሚያስብ ነው። ነገር ግን ብረትም ጥርስ አለው። ገልጦ ማየት ለሚችል ሰው ዕድሜውንና ስሙን ይናገራል። በዚህ ጽሑፍ የምተርክላችሁ ቤተሰባችን በገዳሪፍ አገር አንዲት አሮጌ የሞተር ጀልባ እንዴት እንደ ገዛ፣ ስሟንም በምን እንዳወቀ፣ ያም ዕውቀት በኋላ በጭንቅ ቀን ምን እንደ ጠቀመ ነው።

ገዳሪፍ በምሥራቅ ሱዳን የምትገኝ፣ በማሽላና በሰሊጥ እርሻዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከመተማ ተነሥቶ በጋላባት በኩል ወደ ሱዳን የሚገባው መንገድ ወደ እርሷ ያደርሳል። ስለዚህም ከኢትዮጵያ ለሥራ፣ ለንግድ ወይም ለመጠጊያ የሚሻገር ብዙ ሰው የሚያርፈው በእርሷ ነው። እኔም ጎንደር ተወልጄ፣ በዚች ከተማ የእርሻ ትራክተር እየጠገንሁ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ልጆቼ በአማርኛ አፋቸውን ፈትተው፣ በዐረብኛ ትምህርታቸውን የጀመሩ ናቸው።

ከተማዪቱ ራሷ የወንዝ ዳር ከተማ አይደለችም። ሆኖም ከእርሷ በስተ ምሥራቅ ሁለት ታላላቅ ወንዞች ከኢትዮጵያ ወርደው ይገናኛሉ። አንደኛው ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ካለው ደጋ የሚነሣው፣ በእኛ ዘንድ ጓንግ፣ በሱዳን ግን አትባራ የሚባለው ነው። ሁለተኛው ተከዜ ሲሆን፣ ወደ ቆላው ሲወርድ ሰቲት ተብሎ ይጠራል። የአትባራ ጠባይ እንግዳን ያስደንቅ ነበር። በበጋ ውኃው ይጐድልና ወንዙ በአሸዋ መካከል የተበታተነ ኩሬ ሆኖ ይቀራል፤ ክረምት ሲገባ ግን እንደ ባሕር ይሞላል። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1861 በዚህ ወንዝ ዳር ሲጓዝ፣ ደርቆ የነበረው ወንዝ በሰኔ ወር በአንድ ሌሊት እያገሣ ሞልቶ ሲመጣ በዓይኑ አይቶ ጽፏል። በኋላም የሞላውን ወንዝ መሻገር ግድ ሲሆንበት፣ በነፋስ የተነፉ ስልቻዎችን ከአንገረብ ጋራ አሰረ፤ አንገረብ ማለት በሱዳን ቤት ሁሉ የሚገኘው የጠፍር አልጋ ነው። በላዩም ሰፊውን የመታጠቢያ ገንዳውን ጠፍሮ መሻገሪያ አደረገው። ጀልባ በሌለበት አገር አልጋና ገንዳ ጀልባ ሆኑ ማለት ነው።

ዛሬ የወንዞቹ መልክ ተለውጧል። ከወደ ታች በኸሽም ኤል ጊርባ የተሠራው ግድብ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ሥራውን ፈጽሟል። ከእርሱ በላይ ደግሞ በአትባራ ላይ ሩሜላ፣ በሰቲት ላይ ቡርዳና የተባሉት ሁለት የተያያዙ ግድቦች በ2017 ተመርቀዋል። ከግድቦቹ በስተ ኋላ ሰፊ ሐይቅ ተኛ። ቀድሞ ግመል ብቻ ይነዳበት በነበረው በሾዋክ አካባቢ መረብና ጀልባ የዕለት ወሬ ሆኑ። እንግዲህ የእኛም ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም በዚያ ሐይቅ ዓሣ ማጥመድ ጀምሮ ነበር። የራሱ ጀልባ ስላልነበረው በሰው ጀልባ በእኩል ይሠራ ነበር። የእኩል እርሻ እንደ ማለት ነው፤ ካጠመደው ግማሹ ለጀልባው ባለቤት ይሄዳል። በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር አንድ ማታ ወደ ቤታችን መጥቶ፣ ቡና ተፈልቶ ሳለ እኅቱን፣ «እታለም፣ በሾዋክ የምትሸጥ አንዲት ጀልባ ከነሞተሯ አለች። ጋሼ ቢያያትና ብንገዛት፣ ግማሹ ዓሣ ከሰው ቤት አይገባም ነበር» አላት።

ባለቤቴ ወዲያው አልመለሰችም። በቤቱ የነበረው ጥሪት ከእናቷ የወረሰችው የወርቅ አምባርና ቡና እየሸጠች ያጠራቀመችው ጥቂት ገንዘብ ነበር። እርሱም ለታላቂቱ ልጃችን ትምህርት የታሰበ ነው። በመጨረሻም፣ «ወርቄን እሸጣለሁ። ነገር ግን አምባሩን እናቴ ከማን እንደ ገዛችው፣ ማንም እንዳሠራው አውቃለሁ። በምትኩ የሚገባውም ዕቃ ምን እንደ ሆነ፣ ከማን ቤት እንደ መጣ ልወቅ። ስሙን ያላወቅነው ዕቃ ወደ ቤታችን አይግባ» አለች። በእኔም አሳብ ይህ ቃል በዚያ ማታ ከተነገረው ሁሉ የበለጠ ነበረ።

በማግሥቱ ወደ ሾዋክ ወረድን። ጀልባዪቱ ከአሉሚኒየም የተሠራች፣ አራት ሜትር ከሩብ ያህል ርዝመት ያላት፣ ሰማያዊ ቀለም አዲስ የተቀባች ነበረች። ሞተሩ ከሆዷ ውስጥ የተቀመጠ አልነበረም፤ ከኋላዋ ግድግዳ ላይ በሁለት ማጥበቂያ ተይዞ የሚንጠለጠል ዐይነት ነው። የዚህ ዐይነት ሞተር አሠራሩ ለማየት ቀላል ነው። በላይ ማሽኑ በክዳኑ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ከመካከል ረጅም እግር ይወርዳል፤ በታች በውኃው ውስጥ ፕሮፔለር የሚባለው መቅዘፊያ ይዞራል። በኖርዌይ አገር ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ ሞተሩን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ ይህ ዐይነት ማሽን ዓለምን ሁሉ ዞሯል። ጆንሰን የሚባለው ሞተርም የተነሣው በ1920ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ነው። ሁለቱ ስሞች በኋላ በአንድ ኩባንያ ሥር ገቡ።

ሻጩ ሰውየ ልሳነ ጥሩ ነበረ። «ይህ ጆንሰን ነው፤ ጉልበቱ 40 ፈረስ ነው፤ ከተሠራም ዐሥር ዓመት አይሞላውም» አለን። በክዳኑም ላይ 40 የሚል ቁጥር ተለጥፎ ነበር። እኔ ግን ክዳኑን ትቼ ወደ ማጥበቂያው ብረት ተመለከትሁ፤ የሞተር ቁጥር ያለበት ሰሌዳ የሚመታው በዚያ ነውና። ሰሌዳው የለም። ርቤት የነበረባቸው ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል፤ እነርሱም በአዲሱ ቀለም ተደፍነዋል። «ሰሌዳው የት ደረሰ?» ብለው፣ «ጨው በልቶት ወደቀ» አለኝ። የሰሌዳ መጥፋት ብቻውን ሌብነትን አያስመሰክርም። በእውነት ጨውና ዕድሜ የሚጥሉት ሰሌዳ አለ። ነገር ግን ሰሌዳ የሌለው ሞተር ወረቀት እንደሌለው መንገደኛ ነው፤ ማንነቱን የሚናገርለት ሌላ ምስክር ያስፈልገዋል።

በገዳሪፍ ጎረቤታችን የነበሩ፣ በፖርት ሱዳን ወደብ ብዙ ዘመን በጀልባ ሞተር ሥራ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ መካኒክ ነበሩ። በዚያ አገር የሙያ አዋቂን «ኡስታ» ብለው በክብር ይጠሩታል። ወደ እርሳቸው ሄጄ ነገሩን ባጫውታቸው ሣቁና፣ «ያ ወለዲ» አሉኝ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። «ሰው ልብሱን ይለውጣል፤ እምብርቱን ግን አይለውጥም። የሞተሩን እምብርት ፈልግ» አሉኝ።

እምብርት ያሉት ነገር በሲሊንደሩ አካል ላይ ያለች፣ የብር ሳንቲም የምታህል ክብ የብረት ክዳን ናት። ያ ፋብሪካ በሠራቸው በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ የሞዴሉ ወይም የሞተሩ ቁጥር በዚች ክዳን ላይ ደግሞ ይመታ ነበር። ሰሌዳ ቢወድቅ፣ ክዳን ቢለወጥ፣ ቀለም ቢቀባ፣ ይህች ክዳን ግን ከማሽኑ ጋራ ትኖራለች። ተመልሼ ሄጄ በጋዝ በነከረ ጨርቅ ቅባቱን አነሣሁ፤ ከዚያም በለስላሳ ብሩሽ ጠረግኋት። በብረት መፋቅ አይገባም፤ ፊደሉን ያጠፋልና። ጥቂት ቆይቶ ፊደልና ቁጥር እየተገለጠ መጣ። በመጀመሪያ የጆንሰን ምልክት የሆነው ጄ፣ ቀጥሎ 25፣ ከዚያም ወደ መጨረሻው ሲ እና ዲ የሚሉ ሁለት ፊደሎች ተነበቡ።

25 የሚለው የጉልበቱ መጠን ነው። እንግዲህ ሞተሩ ባለ 40 ሳይሆን ባለ 25 ፈረስ ጉልበት ነበረ። ሲ እና ዲ ደግሞ ዓመቱን ይናገራሉ። ፋብሪካው በቀደሙት ዓመታት ዘመኑን በሁለት አሃዝ በግልጥ ይጽፍ ነበር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1980 ጀምሮ ግን በፊደል መሰወር ጀመረ። የምሥጢሩ ቁልፍ ዐሥር ፊደል ያለው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ከፊደሎቹ አንዱም አይደገምም። አይ 1፣ ኤን 2፣ ቲ 3፣ አር 4፣ ኦ 5፣ ዲ 6፣ ዩ 7፣ ሲ 8፣ ኢ 9፣ ኤስ 0 ይሆናል። ስለዚህ ሲ እና ዲ ሲነበቡ 86 ይሆናሉ፤ ሞተሩ የ1986 ሞዴል ነው። በእኛ አቆጣጠር 1978 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ኡስታው ይህን ቃል በትንሽ ወረቀት ጽፈው ሲሰጡኝ ትርጓሜውን ጠየቅኋቸው። ቃሉ «ያስተዋውቃል» ማለት ሆኖ ተገኘ። ሰውን ከሰው የሚያስተዋውቅ ቃል ብረትንም ከባለቤቱ ያስተዋውቅ ዘንድ መመረጡ ደስ አሰኘኝ።

ሻጩ ይህን በሰማ ጊዜ አስቀድሞ ተቈጣ፤ በኋላም ዝም አለ። እርሱም ከሌላ ሰው ሲገዛ 40 ነው ተብሎ የገዛው እንደ ሆነ ተናገረ። እኔም አመንሁት፤ ያልመረመረ ሰው የተሸጠለትን ውሸት ሳያውቅ መልሶ ይሸጣል። ስለ ዕድሜው እንግዲህ ክርክር አልነበረም፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ነው። ነገር ግን ዕድሜ ብቻውን ሞተርን አይጥለውም። ከበርሜል ውኃ ውስጥ አስገብተን አስነሣነው። ማቀዝቀዣው ውኃ በጎኑ ባለው ቀዳዳ ሳይቋረጥ ፈሰሰ። ካንዴላዎቹን አውጥቼ አየሁ፤ የቡና ዐይነት መልክ እንጂ ጥቁር ጥላሸት አልነበረባቸውም። የታችኛውን ማርሽ ዘይት ጥቂት አፈሰስሁ፤ ውኃ የገባበት ዘይት እንደ ሻይ በወተት ይነጣል፣ ይህ ግን ጥቁር ነበረ። ስለዚህ ሞተሩ አሮጌ ቢሆንም ጤነኛ ነው። ዋጋውም እንደ እውነቱ ሆኖ፣ ከተባለው ከሦስት አንድ እጅ ወረደ። የባለቤቴም አምባር ከሁለቱ አንዱ ሳይሸጥ ቀረ።

ከሞተሩ በኋላ ወደ ጀልባዪቱ ተመለስን፤ የሞተሩ ቁጥር ሌላ፣ የጀልባዋ ቁጥር ሌላ ነውና። በአሜሪካ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1972 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራ ጀልባ ሁሉ በኋላው ግድግዳ፣ በስተ ቀኝ በኩል ዐሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር ያለበት መለያ ይመታበታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደሎች ሠሪውን ያመለክታሉ፤ ቀጥለው ያሉት አምስቱ የጀልባዋ ተራ ቁጥር ናቸው። ከ1984 ወዲህ በሆነው ሥርዓት የመጨረሻዎቹ አራት ዘመኑን ይናገራሉ። በእኛ ጀልባ ላይ በሰማያዊው ቀለም ሥር የተገኙት የመጨረሻዎቹ አራት ምልክቶች ሲ 585 የሚሉ ነበሩ። ወሩ ከኤ ጀምሮ በፊደል ይቈጠራል፤ ሲ ሦስተኛው ወር፣ ማርች ነው። 5 የተሠራችበት ዓመት መጨረሻ አሃዝ፣ 85 ደግሞ የሞዴሏ ዓመት ነው። ጀልባዪቱ ከሞተሩ በአንድ ዓመት ትቀድማለች። የሁለቱ ዕድሜ መቀራረቡ አብረው የኖሩ መሆናቸውን አመለከተን።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አገኘን። ከኋላው መቀመጫ አጠገብ ቀለም የተለሰነበት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ነበረ። ቀለሙ ሲነሣ የጀልባዋ የመሸከም አቅም ተጽፎበት ታየ፤ 5 ሰው ወይም 650 ፓውንድ፣ ሞተሩም ከ25 ፈረስ ጉልበት እንዳይበልጥ ይላል። 650 ፓውንድ ወደ ሦስት መቶ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የሚጐድለው ነው። እንግዲህ በክዳኑ ላይ የተለጠፈው 40 እውነት ቢሆን ኖሮ ጀልባዪቱ ከአቅሟ በላይ በሆነ ሞተር ትነዳ ነበር። ውሸቱ ሞተሩን ከፍ ያደረገ መስሎት ጀልባዋን አደገኛ ያደርጋት ነበር። እውነቱ ግን ሁለቱን አስማማቸው። የሞተሩን እግር ርዝመትም ለካን። አጭሩ እግር 15 ኢንች፣ ረጅሙ 20 ኢንች ላለው የኋላ ግድግዳ ነው የሚሠራው። የእኛ ሁለቱም አጭር ሆነው ተገኙ። ረጅም እግር በአጭር ጀልባ ላይ ቢሰቀል ፕሮፔለሩ ጠልቆ በሐይቁ ሥር ከቀሩት የግራር ጕቶዎች ጋራ ይጋጫል።

የቀረው የባለቤትነት ነገር ነበረ። በሾዋክ የግመል ገበያ አለ። በዚያ አገር ያሉ የላሐዊን ዘላኖች በየግመላቸው ላይ «ወሲም» የሚባል የእሳት ምልክት ያደርጋሉ። ግመል ጠፍቶ በሌላ ሰው እጅ ሲገኝ፣ ባለቤት ነኝ የሚለው ሰው ግመሉን ሳያይ ምልክቱን ይናገር ዘንድ ይጠየቃል። እኛም ይህን ሥርዓት ተከተልን። ሻጩ ጀልባዪቱን የገዛው ከአንድ የከሰላ ሰው ነው። ያ ሰው በስልክ ተጠርቶ፣ «ጀልባህ በምን ትታወቃለች?» ተባለ። እርሱም ሳይዘገይ፣ «ከፊተኛው መቀመጫ ሥር፣ በግራ፣ መዳፍ የሚያህል ስንጥቅ ነበረባት፤ በድስት ክዳን ቁራጭና በዘጠኝ ርቤት እኔው ራሴ ደፈንሁት» አለ። የባለቤቴ ወንድም ከመቀመጫው ሥር ገብቶ በጣቱ ቈጠረ። ዘጠኝ ነበሩ። ሻጩ ራሱ ይህን አያውቅም ነበርና እርሱም ተገረመ። የከሰላው ሰው የገዛበትን ውል ግልባጭ ላከልን፤ እኛም በሦስት ምስክር ፊት ውል ጻፍን። በውሉም ውስጥ «አንዲት ሰማያዊ ጀልባ» ብለን አልተውነውም። የጀልባዋን ዐሥራ ሁለት ምልክቶች፣ የሞተሩን ቁጥር፣ ዘጠኙን ርቤት ሳይቀር አስገባን። ሰማያዊ ቀለም በአንድ ቀን ይለወጣል፤ ቁጥርና ጠባሳ ግን ይቈያሉ።

ጀልባዪቱ ወደ ቤታችን ሥራ እንዲህ ሆና ገባች። ታላቂቱ ልጃችን በደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቁጥሮቹን ጻፈች፤ ከዚያ ወዲያ የሚደረገውን ሁሉ ትመዘግብ ጀመር። እንዲህ ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር የራሱ ዘይት መያዣ የለውም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋራ ተደባልቆ ይሰጠዋል። የእኛው ሞተር ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይጠይቃል። ከ1960ዎቹ በፊት የተሠሩ ብዙ ጆንሰኖች ግን ለ24 ሊትር 1 ሊትር ይፈልጉ ነበር። ዘመኑን ያላወቀ ሰው አንዱን በጥማት ይገድለዋል፤ ሌላውንም በጢስ ያፍነዋል። ውኃ የሚስበው ፓምፕ ውስጥ ያለችው የጎማ መዘውር በደለል በተበላች ጊዜም፣ ወደ ፖርት ሱዳን የላክነው የሞተሩን ሥዕል ሳይሆን ቁጥሩን ነበረ፤ መለዋወጫውም ሳይሳሳት መጣ። ጆንሰንንና ኤቪንሩድን ይሠራ የነበረው ኩባንያ በ2000 ከስሯል፤ በሌላ እጅ የቀጠለው የኤቪንሩድ ሥራም በ2020 ቆሟል። ፋብሪካው ቢዘጋም በብረቱ ላይ የቀረው ስም ዛሬም ያገለግላል።

አሁን ወደ ጭንቁ ቀን ልምጣ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተነሥቶ ሕዝቡ ወደ ሱዳን መሰደድ ጀመረ። ሰዎች ከሚሻገሩባቸው በሮች አንዱ በሰቲት ዳር ያለችው ሐምዳየት ነበረች። በሁለት ወር ውስጥ ብቻ ከ50,000 በላይ ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገባ። በገዳሪፍ ክፍል ያለው ኡም ራኩባ፣ በ1977ቱ ረኃብ ዘመን ኢትዮጵያውያንን አስጠግቶ የነበረው ሰፈር፣ እንደ ገና ተከፈተ። በኅዳር ወር ይህን ስንሰማ ጀልባዪቱን በጭነት መኪና ጭነን ወደ ሐምዳየት ወሰድናት። የሾዋክ ዓሣ ነጋዴዎች ቤንዚን አዋጥተው ሰጡን። ከተሻጋሪ ሰው ዋጋ አልተጠየቀም።

በዚያ ዳር ያየሁትን ሁሉ ልናገር አልችልም። ሌሎች ጀልባዎችም ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን ከጀልባዎቹ ሁሉ ይበልጥ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ሽማግሎች በበትር ተደግፈው፣ የቀረ ጓዛቸውን በአንሶላ ቋጥረው ቆመው ነበር። ጀልባችን ዳር በደረሰች ቍጥር ሰው ይከባት ነበር። የባለቤቴ ወንድም ግን ከአምስት ሰው በላይ አልጭንም አለ፤ ትንንሽ ልጆች ሲሆኑ በክብደታቸው ይገምት ነበር። አንድ ጊዜ አምስቱ ከገቡ በኋላ ሚስታቸውና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው በጀልባዪቱ ውስጥ የሆኑ አንድ አዛውንት ከዳር ቀሩ። «ልጄ፣ የአንድ ሽማግሌ ክብደት ምን ያህል ነው?» አሉት። እርሱም ሰሌዳውን በጣቱ እያሳየ፣ «አባባ፣ ይህን የጻፍሁት እኔ አይደለሁም። ሲያቋርጡ የምፈራውን ወንዝ እርስዎም ያውቁታል። ተመልሼ የማነሣው መጀመሪያ እርስዎን ነው» አላቸው። ሽማግሌው ምንም አልመለሱም። ሞተሩ ተነሥቶ ከዳር ሲርቅ ሚስታቸው ፊቷን መልሳ እርሳቸውን ብቻ ትመለከት ነበር። ያ ሰዓት ለሁላችንም ረጅም ነበረ። ተመልሶም ቃሉን ጠብቆ እርሳቸውን አስቀድሞ ጫነ።

በልጃችን ደብተር ላይ በሦስት ቀን ውስጥ ሠላሳ አንድ ምልልስ ተጽፎ ይገኛል። ሞተሩ አንድ ጊዜም አልቆመም፤ ጀልባዪቱም ውኃ አላስገባችም። ይህን በኩራት አልጽፈውም። በክዳኑ ላይ የተለጠፈውን 40 አምነን ኖሮ ቢሆን፣ በዚያ ጩኸትና ልቅሶ መካከል «ሞተሩ ብርቱ ነው፤ ዐሥር ሰው ይወስዳል» ማለት እንዴት ቀላል ይሆን ነበር! የሰውን ልመና እምቢ ለማለት ያበረታን የራሳችን ጥንካሬ አልነበረም። በቀለም ሥር የተገኘችው ትንሽ ሰሌዳ ናት። እውነትን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በጭንቅ ጊዜ ከራሱ ጋራ አይከራከርም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በሱዳን ጦርነት ተነሣ። ገዳሪፍ የስደተኛ መጠጊያ እንደ ነበረች ሁሉ፣ ከካርቱምና ከሌላው ክፍል የተፈናቀሉትን ሱዳናውያንም ተቀበለች። ቤንዚን ተወደደ፤ መለዋወጫ ጠፋ። በእንዲህ ያለ ዘመን ያገለገለ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ይበዛል፤ አንዳንዱ በችግር የተሸጠ፣ አንዳንዱ ባለቤቱ ሳይኖር የተወሰደ ነው። ሁለቱም በገበያ ላይ አንድ ይመስላሉ። የሚለያቸው ጠያቂ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ለጥሪቱ ሲል ይህን ልማድ ቢይዝ መልካም ነው። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ከተለጠፈው በፊት በብረቱ የተመታውን አንብቡ። ሰሌዳ ከጠፋ ሁለተኛውን ምልክት ፈልጉ። ሻጩን ብቻ ሳይሆን ለሻጩ የሸጠውንም ጠይቁ። በውላችሁ ቀለም ሳይሆን ቁጥር ይጻፍ። በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ፣ በየኬላው ሰነድ የምትመረምሩም፣ ወረቀቱን ከወረቀት ጋራ ብቻ አታስተያዩ፤ ጐንበስ ብላችሁ ወረቀቱን ከብረቱ ጋራ አስተያዩ። ይህ የአንድ ደቂቃ ድካም ነው። በዚያች ደቂቃ ግን የአንድ ድኻ ንብረት ወደ ባለቤቱ ሊመለስ፣ የአንድ እውነተኛ ገዢም ስም ከሐሜት ሊድን ይችላል።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የሞተርን ስም ግን የሚያወጣው ሠራተኛ ነው፤ በመዶሻና በፊደል ብረት መትቶ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣ የማያውቀው ሰው ያነብበው ዘንድ ትቶት ይሄዳል። በሩቅ አገር ያለ አንድ ሠራተኛ ከሠላሳ ዓመት በፊት አምስት ሰው ብሎ የጻፈው ቃል በሰቲት ወንዝ ላይ ሰዎችን ጠብቋል። እንዲህ ያለውን ቃል በቀለም የሚሸፍን እጅ ምን እንደሚሸፍን አያውቅም፤ ገልጦ የሚያነብ ግን ለራሱም ለሰውም ይጠቅማል።